ሰማያዊዋን ክር የሳቡት እርስዎ ነዎት

ውድ እትዬ ፍቺው፣

ይህችን ወረቀት ቦጫጭቀው ከመጣልዎ በፊት እስቲ ዞር ብለው ከኋላዎ ቆመው የሚያነቡትን ሰዎች ሰላም ይበሉልኝ። ፖስታ ውስጥ ላሽጋት አስቤ ነበር። ግን እርስዎ እኔን በሰው ፊት እንጂ ለብቻዬ ሰድበውኝ ስለማያውቁ፣ እኔም በሱቅዎ በር ላይ ለጠፍኳት። የፊደል ግድፈት ካለ ይለፉት፤ እኔና ትምህርት ቤት በቅጡ ሳንተዋወቅ ነው የተለያየነው።

እርስዎማ ያውቁኛል፤ ለአንባቢዎቹ ስል ነው እንጂ። ጥጉ ጋ ካውያ ይዤ የምቆመው ልብስ ተኳሽዎ ነኝ። ነበርኩ ልበል?

ዳንቴል መሥራት ያስተምሩኝ ብዬ የለመንኩዎ ቀን ትዝ ይልዎታል? በመነጽርዎ አናት ላይ አሻግረው አዩኝና፣ «አንቺ? ይሄ እጅ እኮ ለካውያ እንጂ ለመርፌ አልተፈጠረም» አሉ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እልህ ሲይዘኝ ነው የምስቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸሚዝ እየተኮስኩ የጣትዎን ሥራ በዓይኔ ሰረቅኩ። ፊት ለፊትዎ ስለምቆም ግን የቀኝዎን በግራዬ፣ የግራዎን በቀኜ ቀዳሁት። የእርስዎ የዳንቴል ቅጠሎች ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የእኔዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተጋደሙ።

የመጀመሪያዬን ሳሳይዎ «ፍቺው!» አሉኝ።

«የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት እትዬ?»

«ሁሉም ጋ። ፍቺው!»

ፈታሁት። ቀጥሎ ያመጣሁትንም «ፍቺው!» ክሩ ከመፈታቱ ብዛት ጢም አበቀለ። ስምዎን ያወጣሁልዎ ያኔ ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ በእሱ ነው የሚጠራዎት፣ ፊት ለፊትዎ አይሉትም እንጂ።

ስፈታ ስፈታ ግን ተማርኩ። ዳንቴል ማለት በወግ የተደረደረ ቀዳዳ ነው። ክሩን መርፌው ላይ ጣል ማድረግ ከረሳሁ ቀዳዳዋ ትደፈናለች፣ ቅጠሉም ሽባ ይሆናል። አንዲት የክር ቀለበት ከመርፌው ካመለጠች ደግሞ እንደ ተቀደደ ካልሲ እስከ ታች ትተረተራለች። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ያላጠፋሁበት መስመር ላይ ስደርስ በቀለበቶቹ ውስጥ ሌላ ክር አሳልፋለሁ። ከዚያ በላይ ተሳስቼ ብፈታው፣ መፈታቱ እዚያች ክር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። «ጠባቂ» አልኳት። እርስዎ አያውቋትም፤ ያጠፉትን ፈትተው ስለማያውቁ። እርስዎ ስሕተት ላይ አበባ ነው የሚሰፉበት።

እህቴ ስታገባ ትከሻዋ ላይ የምትጥለውን ነጭ ሻርፕ ሠራሁላት። ልተኩሰው ሱቅ አምጥቼ፣ ከምሳ ስመለስ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛዎ የጥርስ ሐኪሟ «ይሄን ማን ሠራው?» ትላለች። «እኔ ነኛ! በእነዚህ ጣቶቼ!» አሉ። «እትዬ፣ እሱ እኮ የእህቴ ነው» ብል፣ «አይፍረዱባት የኔ እመቤት፣ የካውያው እንፋሎት አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» ብለው ጠቅልለው ሰጧት። እህቴ ባዶ ትከሻዋን ተዳረች። «ግድ የለም፣ ይሞቃል» አለችኝ።

ይበርድ ነበር።

ሐኪሟ ለልጇም ሌላ ስትፈልግ ጓዳ ጠሩኝ። «የኔ ቆንጆ» አሉኝ። ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ከኋላዬ አየሁ። «አንድ ሌላ ሥሪልኝ፤ በመካከላችን ይቅር።» እኔም «እሺ እትዬ» አልኩ። ያኔ መደንገጥ ነበረብዎት። እኔ መች በአንድ ቃል እሺ ብዬ አውቃለሁ?

ሠራሁት። የመጨረሻውን መስመር ግን አልዘጋሁትም። ቀለበቶቹን ሁሉ በአንዲት ሰማያዊ ጠባቂ ላይ ብቻ አንጠልጥዬ ጫፏን እንደ ቢራቢሮ አሰርኳት።

ሐኪሟ ከነልጇ፣ ከነጓደኞቿ መጣች። ልጅቷ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ይቺ ሰማያዊ ምንድን ናት?» ስትል፣ «አይ፣ ትርፍ ክር ናት» አሉና ሐኪሟ ፊት እንደ ጥርስ ነቀሏት። ልጅቷ ሻርፑን ወደ ደረቷ ሳብ ስታደርገው ቀለበቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር።

«ያዙት! ኧረ ያዙት!»

«ምን ያስጮህዎታል? በሠሩበት እጅዎ ይመልሱት» አለች ሐኪሟ።

መርፌ አነሱ። ቅጠሉ ወደ ግራ፣ እጅዎ ወደ ቀኝ። ቢገለብጡት እምቢ፣ ቢያዞሩት እምቢ። ላብዎ መነጽርዎ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ከካውያዬ ጀርባ ሆኜ ጮክ ብዬ፣ «እትዬ፣ ይፍቱት!» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን የእኔ ነበር፤ ለእርስዎ አስረከብኩዎት። ካውያውን ከሶኬቱ ነቅዬ ወጣሁ።

አሁን የቀረውን ሻርፕ ከመሳቢያዎ ያውጡና ይፍቱት። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እዚያ ሌላ ጠባቂ አለች፤ እንደ ሻርፑ ነጭ ስለሆነች አላዩዋትም። ለእርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎት፣ ለቅጠሎቼ ነው። የእህቴን ሻርፕ ከሐኪሟ ይጠይቁ፤ የማን እንደሆነ በገዛ አፍዎ ይንገሯት፤ እህቴ ቤት ድረስ ይዘው ሄደው በገዛ እጅዎ ትከሻዋ ላይ ይጣሉላት። ያኔ መጥቼ የልጅቷን እጨርሳለሁ።

እስከዚያው፣ የሱቁን ቁልፍ በበሩ ሥር አሾልኬዋለሁ። ቁልፉን ከመመለሴ በፊት ግን ዛሬ ጠዋት ተጠቅሜበታለሁ። መስኮትዎ ላይ በተሰቀለው በእያንዳንዱ ዳንቴል ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሰማያዊ ክር አስሬያለሁ። የትኛዋ ለጌጥ እንደሆነች፣ የትኛዋ ሥራዎን ደግፋ እንደያዘች አልነግርዎትም።

ይሳቡና ይዩት።

ዒላማ የማትስተው
ተኳሽዎ