ስድስተኛዋ ብሎን

ጥር 9፣ ሰኞ
ደመና ነው። አውቶቡስ አመለጠኝ፣ ቀጣዩን ቆሜ ጠበቅሁ።

ቶሎ የተመላሽ ሳጥኑን አመጣ። ቶሎ የመጋዘኑ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጡለት አረማመዱን አይተው ነው። ከመጋዘን እኔ ክፍል ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ዛሬ አራት ማርከር ይዞ መጣ። አለቃ "ጠመንጃ አትበሉ፣ መጫወቻ ነው፣ ማርከር በሉ" ይላል። እውነቱን ነው፣ የቀለም ኳስ ከመትፋት ሌላ ምን ሙያ አለው...

የአራቱም በሽታ ያው ነው። ኳሷ ሆዱ ውስጥ ፈርሳ ቀለሙ ደርቋል። አንደኛው ላይ ብጣሽ ወረቀት በላስቲክ ታስራለች።

"ቀለም ለመጥረግ ስድስት ብሎን። ስድስተኛዋ እጀታው ሥር ተደብቃለች። ከማን ነው የምትደበቀው? — ጥገና።"

ሳቅሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልተናገርኩም ነበር ለካ።

ስድስቱንም ብሎን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ንድፉን ስሠራ። ያኔ ውበት መስሎኝ ነበር፤ ልሙጥ፣ ከውጭ ምንም የማይታይበት።

ጥር 10
ወረቀቷን ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳት። አርባ አንድ ሆኑ። ደንቡ ብልሽቱን መዝግቦ ወረቀቱን መጣል ነው። እኔ አልጥልም። ጥገና የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው በማርከር እየተተኳኮሰ የሚጫወትበት ሜዳ ላይ የሚሠራ፣ የሚነጫነጭ ሽማግሌ ይመስለኛል። መልስ ጽፌለትም አላውቅም። ግን አልፎ አልፎ የሚያናግረኝ እሱ ነው።

ጥር 15፣ እሑድ
ወንድሜ ደወለ።
"በልተሻል?"
"በልቻለሁ።"
"ደህና ነሽ?"
"ደህና ነኝ።"
"በይ እንግዲህ..."
ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አይፈረድበትም፣ ልጆች አሉት። ከእማዬ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ክፍሏን በሳምንት አንዴ እጠርጋለሁ። ማን ያቆሽሸዋል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ጥር 24
አለቃ ጠራኝ። ተመላሽ በዝቷል፣ አዲስ ማርከር ይሠራ። "ያለ ካቻቪቴ የሚከፈት። ሜዳው ላይ ጠርገው ወዲያው እንዲጫወቱበት። ትችያለሽ?"
እችላለሁ አልኩ። ደስ አለኝ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

የካቲት 7
የዛሬዋ ወረቀት አጭር ናት።

"አዲስ ሊሠራ ነው አሉ። እሱም ብሎን ካለው ጥገናን ተውኩ። ጣቴ ከእንግዲህ ብሎን አይዝም። — ጥገና።"

ደጋግሜ አነበብኳት። እጁን አሞት ነው? ስንት ዓመቱ ይሆን? ቢተው ደግሞ ማን ይጽፍልኛል... እየው፣ የሰውዬው ጣት ታሞ እኔ የማስበው ስለ ራሴ።

የካቲት 17
ናሙናው ተጠናቀቀ። ጀርባው ላይ ክዳን አለው፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ወደ ላይ ይከፈታል። ብሎን የሚባል የለም። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እንደ ቅቤ ነው።

ቅዳሜ ይዤው ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ። አለቃን "ልኬት ልወስድ ነው" አልኩት።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ
ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ። ናሙናውን በፎጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ።

የጥገና ክፍሉ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ብሎን እንዳይጠፋ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን። አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ስድሳን የዘለሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ።

"ጥገናን ፈልጌ ነበር" አልኩ።
"አግኝተሻል" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ክው አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድ ነው ብዬ... ለምን? ነጭናጫ ስለሆኑ ነው መሰለኝ። የጣቶቻቸው አንጓ አባብጧል። ብሎን ሲፈቱ አየኋቸው፤ ካቻቪቴውን በመዳፋቸው ነው የሚያዞሩት። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ማርከሩን ጉልበታቸው መሃል ይይዙና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ማየት አልቻልኩም።

ናሙናውን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አደረጉ፤ የኳሱን ቋት ከላይ ገጠሙበት፣ ኳስ ሞሉት። ሜዳ ላይ ቋት የሌለው ማርከር ማን ይይዛል? ክዳኑን በአውራ ጣት ገፉ። ወደ ላይ ተነሣ... ቋቱን መታና ቆመ። ጣት እንኳ አያስገባም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ይሄን የሠራው ሰውዬ ኳስ ጭኖበት አያውቅም ማለት ነው" አሉ።
"አያውቅ ይሆናል" አልኩ።
"አንቺ ነሽ እንዴ?"
"አይ... ከፋብሪካ ተልኬ ነው።"
"እንግዲያው ለሰውዬው ንገሪልኝ። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ይጫወት።"

ዋሸሁ። ለምን ዋሸሁ? ሻይ ሰጡኝ፣ ወንበራቸውን ለቀው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ስሄድ "ደግሞ ነይ" አሉኝ። ሰው ደግሞ ነይ ካለኝ ስንት ጊዜው...

የካቲት 20
እውነታቸውን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ቋት ገጥሜ አላውቅም። ባዶውን ነው የማየው። ጨዋታውንም አንድ ቀን አልተጫወትኩም። ሁለት ሰው ይፈልጋላ።

ወንድሜ ደወለ። በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም ነበር።

መጋቢት 8
ክዳኑ አሁን ወደ ጎን ይከፈታል። ኳስ የሞላ ቋት ገጥሜ ሞከርኩ። አገላብጬ ሞከርኩ። ጓንት አድርጌ፣ ጣቶቼን በፕላስተር አስሬ እንዳይታጠፉ አድርጌም ሞከርኩ። ይከፈታል! ኳሱን የሚያስፈነጥረው የአየር ጠርሙስ ካልወጣ ብቻ አይከፈትም፣ አየር እያለው እንዳይከፍቱት ሆን ብዬ ነው ያሰርኩት። ቶሎ በበሩ ሲያልፍ ጣቶቼን አይቶ "ተጎዳሽ እንዴ?" አለኝ። ላስረዳው ስል ሄዷል። ለዚህ ጊዜ ፈጠነ።

መጋቢት 14
ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

ሜዳ ላይ የሚጠረግ ማርከር ወደ እኔ አይመለስም። ካልተመለሰ ወረቀት የለም።

አለቃ የሚፈልገው እሱን ነው። የጥገናዋ ሴትዮም እሱን ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን... ሳጥኑ ባዶውን ሲመጣ ታየኝ። ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ።

መጋቢት 20
ከአየር መግቢያው በላይ ያለችው ሽፋን ላይ አንዲት ብሎን ጨመርኩ። አንዲት ብቻ። የፋብሪካ ማኅተም ያላት። ቀለም እዚያ ከደረሰ ሜዳ ላይ አይፈታም፣ ወደ እኛ ይላካል። ምክንያቱን "ለደኅንነት" ብዬ ጻፍኩ።

አለቃ አየው። "ይቺ አንዷ ምንድን ናት?"
"ለደኅንነት ናት።"
"ጎበዝ። አንቺን ለጥንቃቄ ማን ብሎሽ" አለና ፈረመ።

መጋቢት 27
ንድፉ ነገ የቅርጽ ማውጫው ሞልድ እንዲቆረጥበት ይሄዳል። አንዴ ሞልድ ከተቆረጠ በኋላ ብሎኗን የሚነቅላት የለም።

የምን ደኅንነት? ጠርሙሱ ሲወጣ አየሩም አብሮ ይወጣል። ጠርሙሱ ሳይወጣ ክዳኑ አይከፈትም። እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። ለአለቃ ዋሸሁ። የንድፉ ወረቀት ላይ ዋሸሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ባለፈው ሳምንት እንደ ቁም ነገር ጽፌዋለሁ።

ብሎኗ የገባችው ብቻዬን ስለሆንኩ ነው። ይኸው ጻፍኩት። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው ቤቴ የሚመጣበት መንገድ ስለጠፋኝ የተሰበረ ዕቃ እንዲመጣልኝ እያደረግሁ ነው። ማኅተሙን ለመፍታት የሚሞክሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው። አውቃቸዋለሁ፣ እልኸኛ ናቸው፣ ዝም ብለው አይልኩትም።

መጋቢት 28
ነቀልኳት።

"ደኅንነቱስ?" አለ አለቃ።
"ተሳስቼ ነው። አታስፈልግም።"
በመነጽሩ ላይ አየኝ። "ተሳሳትኩ ስትዪ ዛሬ ገና ሰማሁ። ደህና ነሽ አይደል?"
ደህና ነኝ አልኩ። እንደ ወንድሜ ጥያቄ መልሱ አፌ ላይ ነው ያለው።

ሚያዝያ 17
ከድሮዎቹ ሁለት ማርከር መጡ። ወረቀት የላቸውም።

ግንቦት 15
አዲሶቹ ወደ ሜዳው ተላኩ። ሠላሳ። ሳጥኑ ሲታሸግ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወረቀት ላስገባ አሰብኩ። ምን ብዬ?

ሰኔ 6፣ ሰኞ
ቶሎ ባዶ እጁን መጣ። "እንኳን ደስ ያለሽ። አንድም ተመላሽ የለም።"
አለቃ ሰው ፊት አመሰገነኝ። ሁሉም አጨበጨበ። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰኔ 13
ባዶ።

ሰኔ 16
ቆርቆሮውን ከፍቼ አርባ ሁለቱንም ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩ። አንዷ ላይ "ብሎኗ ሣር ውስጥ ገባች፣ ልጆቹን ሁሉ አሰልፌ እያስፈለግሁ ነው" ትላለች። ስንተኛ ጊዜዬ ነው፣ አሁንም ሳቅሁ።

ነይ ብለውኝ ነበር እኮ። ማርከር እስኪሰበር የምጠብቀው ለምንድን ነው?

ሰኔ 18፣ ቅዳሜ
ሄድኩ። ምንም ሳልይዝ። ልኬት የለ፣ ናሙና የለ።

ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ አዲስ ማርከር ጭናቸው ላይ ተከፍቷል። ጨርቁን አንዴ አሳለፉበት፣ ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉ፣ ቀጭ። ተዘጋ። በአውራ ጣት። የማርማላታው ክዳን ውስጥ ብሎን የለም፣ የሱፍ ፍሬ አለበት።

"መጣሽ?" አሉ። ትናንት የተለያየን ይመስል።

ቆሜ እንዳለሁ አልኩት፦ "እትዬ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። አሁን የያዙትን የሠራሁት እኔ ነኝ። የድሮውንም። ስድስቱንም ብሎን።"

መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩኝ፣ አወለቁ።

"ስድስተኛዋንም?"
"ስድስተኛዋንም።"
"እዚያ ሥር ምን ልትሠራ ነበር ያስገባሻት?"
"እንጃ... ቦታ ስለተረፈ።"

ሳቁ። ሳቁና ሳሉ፣ ስለውም ሳቁ። ወረቀቶቻቸውን በሙሉ አስቀምጫለሁ አልኳቸው። ይሄኔ ሳቃቸውን ተዉት። "የሚያነበው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር" አሉ። "ዝም ብዬ ነበር የምጽፈው። እዚህ ቁጭ ብዬ ከማን ጋር ልጫወት?"

ከሜዳው በኩል ልጆች ይጯጯሃሉ።

ከዚያ ተነሡና ከመስቀያው ላይ ወፍራም ጃኬትና የፊት መከላከያ አወረዱ። "ልበሺ።"
"ለምን?"
"ኳስ ጭነሽበት አታውቂማ። እትዬውንም ተይው፣ አንቱታ ጨዋታ ያበላሻል። አንቺ በይኝ።"

ለበስኩ። ወደ ሜዳው ጫፍ ወሰደችኝ።

"ዞር በይ" አለች።
ዞርኩ።
"ይቺ የስድስተኛዋ ብሎን ናት።"

ጧ! ጀርባዬ መሃል። ጮኽኩ፣ ከዚያ መሬት ተቀምጬ እስኪደክመኝ ሳቅሁ። "ለሌሎቹ አምስቱስ?" አልኳት። "በየቅዳሜው" አለች።

ሰኔ 19፣ እሑድ
ጀርባዬ በልዟል። በመስታወት አየሁት፣ የሳንቲም ያህል ነው። ቅባት ልቀባው ሞከርኩ። በትከሻዬ በኩል እጄ አይደርስም። በወገቤ በኩልም አይደርስም። ትንሽ ሳቅሁ።

ወንድሜ ደወለ።
"በልተሻል?"
"ጀርባዬን አሞኛል።"
"ምን ሆነሽ?"
"ተተኮሰብኝ።"
ደነገጠ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፣ ስለ ስድስቱ ብሎን፣ ስለ ወረቀቶቹ፣ ስለ እሷ። አርባ ደቂቃ አወራን። ልጆቹ ከኋላው ሲጠሩት "ቆዩ፣ ከእህቴ ጋር ነኝ" ሲል ሰማሁት።

ቅባቱን ለቅዳሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።