አሥራ አራት ሰዓት በአየር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም። የስፌት መኪናዬም እያጉረመረመች ትሠራለች።

እማዬን ወደ አንተ በተነሣችበት ቀን ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቻት ወደ ሱቄ ሄድኩ። አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ መብረር እንዴት ትችለዋለች እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ ወጥ ቤት ቆማ ድንች ስትልጥ አገኘኋት።

«በረራው ተሰረዘ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ደርሼ መጣሁ። ቅርብ ነው እኮ፣ ሰው ነው የሚያርቀው» አለችኝ። የትንሿ ልጅህ የፊት ጥርስ መውለቁንም እየሳቀች አወራችልኝ።

በማግስቱ አንተ ደውለህ «እማዬ በሰላም ገብታለች፣ ደክሟት ተኝታለች» ስትለኝ «እሰይ» ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለብሳው የሄደችውን ካፖርት ገበር ስሰፋ ጥቁር ክር አልቆብኝ፣ የግራ እጅጌውን በአረንጓዴ ነበር የጨረስኩት። እስቲ እሷ ሳታይህ ገልበጥ አድርገህ እይልኝ። ለሥራዬ ብዬ ነው። እዚህ የሰቀለችውን ካፖርት ባየው ባየው ክሩ ጥቁር ብቻ ሆነብኝ።

ሌላ ወሬ የለም። ሰሞኑን ስተኛ የመኝታ ቤቴን በር እቀረቅራለሁ፤ ለንፋሱ ነው።

በል ጤናህን ይስጥልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እማዬ ከበሩ ውጭ ቆማ «ሰላም በይልኝ» እያለችኝ ነው። አንተም ለእማዬ ሰላም በልልኝ።

ታናሽ እህትህ