የተተፋው ጉርሻ

ኣውኣሎም፣

ሊንውድ ከተማ፣ እህቴ ጋ እየሄድኩ ነው፤ ኮል አታድርግልኝ። ምስር ወጡ ፍሪጅ ውስጥ አለ። የበሩን ቁልፍ ዛሬውኑ አስቀይር።

አገር ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር ያልኩህ ውሸት ነው። ሰላዮች ነበር የማሠለጥነው። ትናንት ምሳ ከጋበዝካቸው የእድራችን ሰዎች አንዱ ተማሪዬ ነው። አይቶኝ እንዳላየ አለፈኝ፤ እንደዚያ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ።

እድሩ ውስጥ ማን ምን እንዳለ ለቃቅሞ ወደ አገር ቤት ሊልክ ነው የመጣው። ከዚያ የእናቶቻችን በር ይንኳኳል። እኔ ደግሞ ተማሪዬን በስም ላላጋልጥ ወንጌል መትቼ ምያለሁ። ለአገሬ ብዬ የማልኩት መሐላ ያገሬን ሰው ሊያስበላኝ! ቱ!

“ጉርሻ እምቢ ማለት ያስጠረጥራል። ጉረሱ፣ መርቁ፣ ዞር ብላችሁ ትፉ” እያልኩ ስንቱን አሠልጥኛለሁ። ትናንት ሳህን ሳነሳ ያጎረስከውን በናፕኪን ተጠቅልሎ አገኘሁት። አልታኘከም። የጣቶችህ ቅርጽ እንኳ አልጠፋም። እሱንም፣ ራሴንም ተጸየፍኩ። ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ስትለኝ ከርመሃል፤ ከእንግዲህ ጋሼውን ተወው።

ቆሻሻ የማውጣት ተራው ያንተ ነው። ናፕኪኑን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ፤ ከፍተህ ሳታየው እንዳትጥለው።

መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ስም አልጻፍኩም።

ትናንት በእጅህ ያጎረስከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።