ፓምፑ የሚያርፍበት ቀን

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ፣ ዓርብ እኔ የምይዘው የሕንፃችን ፓምፕ ያርፋል፣ እሁድ የጎረቤቱ ሕንፃ። ጉድጓዳችን ሁለት ቢሆንም ከሥር ያለው ውሃ አንድ ስለሆነ፣ እንዲያገግም ብለን የተስማማነው ነው። ዛሬ ድንጋይ ያሰርኩበትን ገመድ ጉድጓዳችን ውስጥ ብሰድ፣ አምና የውሃውን ልክ ምልክት አድርጌ ከቋጠርኩበት ብዙ ወርዶ ነው ውሃ የነካው። በእኛ የዕረፍት ቀን ጎረቤቱ አብዝቶ እየሳበ መሰለኝ። የጎረቤቱን ፓምፕ የሚይዙትን ጋሼ ሽኩርን ሄጄ አፋጠጥኳቸው።

«ዓርብማ እጥፍ ነው የምስበው» አሉኝ ሳይደብቁ። «የእናንተን ታንከር ማን የሚሞላው መስሎህ ነው?»

የውሃ ጎማው እግሬ ሥር ነበር። ከእሳቸው ፓምፕ ወደ እኛ ታንከር የቀጠልኩት ራሴ ነኝ፤ እሁድ ደግሞ እኔ እሞላላቸዋለሁ። ለካ ያ ውሃ አንድ ቀን እንኳ አርፎ አያውቅም።

«ፓምፑን ልዝጋው?» አሉኝ።

የዱባይ ተራ ገበያተኛ ከዚያው ታንከር ውሃ የሚያገኘው ሽንት ቤታችን በር ላይ ተሰልፏል።

«ዛሬን ይሂድ» አልኩ።