ግነት ነህ ስለተባለው የፈላና በር ጅብ

ሐረር፣ ሰኔ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንደሻው፣ የትምህርት ቤታችን የአማርኛ ፈተና አራሚ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሐረር አየር ከተስማማዎት ደስታችን ነው። እኔና ባለቤቴ ሙሉነሽ የልጃችንን የሰገነትን የፈተና ወረቀት ካየን ወዲህ በሳቅ ጎናችንን ከመታመማችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ሁለት ማርክ ጎድሏት ስምንተኛ ክፍልን ልትደግም ስለሆነ ስታለቅስ ትውላለች። ስለነዚሁ ሁለት ማርኮች ከእግርዎ ሥር ወድቄ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩ኛ፤ የፈተናው ምንባብ ስለ ከተማችን በመሆኑ ኮርተናል። «ጅቡ ከሰውየው እጅ ሥጋ ተቀብሎ በላ» የሚለው ምን ዓይነት ዘይቤ እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ልጄ ዘይቤ ሳይሆን እውነት ነው ብላ ጻፈች፤ እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «ግነት» ብለው አረሟት። አቤት እውቀት! ከአዲስ አበባ ከመጡ ጀምሮ ገና ሳይመሽ በርዎን እንደሚቀረቅሩ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ለንባብ ኖሯል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ ተረቱ ስለ ጅብ ስለሆነ ትዝ ብሎኝ ነው።

፪ኛ፤ ማስረጃ ጥቀሱ ስላሉ፣ ልጅቷ «ሰውየው እንደ ልማዱ ጅቡን በስሙ ጠራው» የሚለውን ከምንባቡ ቃል በቃል ጠቀሰች። አላስችል ብሏት ደግሞ ጎረቤታችን መሐመድ ፈላና በር ላይ ጅቦቹን በእጁ ሲያጎርስ በዓይኗ ማየቷን ጨመረች። እርስዎ «ከምንባቡ ውጪ» ብለው የውስጡንም የውጪውንም አንድ ላይ ሰረዙት፤ ለእኛ ለጨዋዎቹ ትልቅ ትምህርት ነው። መሐመድ ግን ወሬውን ሲሰማ ወላሂ ጅቦቹ እንዳይሰሙ ብሎ ለምኖናል፤ ኩሩዎች ናቸው።

፫ኛ፤ «ከተማዋ ግንቧን እንደ መቀነት ታጥቃለች» የሚለው ተነጻጻሪ ዘይቤ መሆኑን ስለለየች ሙሉ ማርክ ሰጥተዋታል፤ እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ልጅቷ ዘይቤ ሲኖር እንደምታውቅ በራስዎ እጅ መስክረውላታል ማለት ነው። ሳይኖር ግን ከየት ታምጣ?

ይልቁንም ከልብ የማመሰግንዎ ስለ አማቼ ነው። ድሬ ጠያራ መንደር አህያውን ጅብ በልቶበት ሲያለቅስ ሰንብቶ ነበር፤ ነገሩ ግነት መሆኑን ከእርስዎ ተምሬ ስላጽናናሁት፣ አሁን ገለባ አዘጋጅቶ አህያውን እየጠበቀ ነው።

የልጄን ማርክ እስኪመልሱላት ድረስ ከሊቅነትዎ ግርማ የተነሣ ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራዎ፣

ሃምሳ አለቃ ኪዳነወልድ አባይነህ
ከአቦከር

ማስታወሻ፤ ውሳኔዎ የሚጸና ከሆነ ነገ አመሻሹ ላይ ፈላና በር ብቅ ይበሉልን። ሥጋውን መሐመድ ያቀርባል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው እጅ ብቻ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚይዙበት ቢሆን እንመርጣለን። አይስጉ፣ ግነት እስከ ዛሬ ማንንም ነክሶ አያውቅም።