የታላቅ ወንድሟ ማጫወቻ

ጥር 24፣ የጊዮርጊስ ማግስት፣ ሰቆጣ

እኔ እናገራለሁ፤ ልጄ ዘውዴ ትጽፋለች። ስድቡንም አትዝለይ ብያታለሁ።

ሟቹ አጎቴ የእርሻዬን ወሰን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲናገር ልጄ ታደሰ ድምፁን ቀድቶት ነበር። ነገ በወሰኑ ከሚሟገተኝ ጎረቤቴ ጋር ሽማግሌ ፊት ስንቆም ይሰማል። እኔ ገና አልሰማሁትም። ዛሬ የዘውዴ ኮምፒውተር ድምፁን አልከፍትም አለ። ኮምፒውተሩ በሚሠራበት ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት ላይ ታደሰ የጫነው የድምፅ ማጫወቻ ፕሮግራም አለ፤ እሷ የዚያኑ ማጫወቻ አዲሱን ስሪት ደረበችበትና ሁለቱ ተጣሉ።

«የፊቱን ለምን አላጠፋሽም?»

«የታላቄን ሥራ እንዴት ላጥፋ አባባ? ነውር አይደል?»

ነውር! አዲስ አበባ፣ ታደሰ ዘንድ ደወልን።

«ሁሉንም ጠርጋችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ» አለ።

«ከነድምፁ?»

«ከነድምፁ። ይቅርብዎ አባባ።»

«አጎቴን ልትጠርገው ነው፣ አንተ ደደብ?» ብዬ ዘጋሁበት። ዘውዴን «የእሱን አጥፊው!» አልኳት። ሁለቱንም አጠፋች፤ አዲሱን ብቻ መልሳ ጫነች።

አጎቴ ተናገረ። እኔ ወሰኑ ወንዙ ነው ስል ኖሬያለሁ። እሱ ግን ከወንዙ ወዲህ ያለውን ግራር ጠራ፤ ጎረቤቴ ወሰን ነው የሚለውን። ለካ ታደሰ ይህን ያውቅ ነበር።

«ይህንንም ልጻፍ?» አለች ዘውዴ፣ ቀና ሳትል።

ጻፊ አልኳት። ነገ ኮምፒውተሩን ይዛ ትምጣ ወይስ ትተወው፣ እስካሁን አልነገርኳትም።