ቢሻሮ የተባለችው ክላስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሙቀት... ሙቀት... ሙቀት። ቬንትሌተሩ ራሱ ትኩስ አየር ነው የሚተፋው። ሳቢያን ሰፈር ባለችው ቢሯችን ኮድ ስጽፍ ዋልኩ። ታይዋን ገበያ አጠገብ ላለ መድኃኒት ቤት ነው። የፍሪጁን ሙቀት ከፋይል ያነባል፣ ግራፍ ይስላል። ለየሥራው አንድ አንድ ክላስ፣ ማለት የራሱ ስም ያለው የኮድ ክፍል፣ ጻፍኩ። በቃ።

አለቃዬ ይትባረክ ከኋላዬ ቆሞ አየ።

"ኢዲል፣ ቢሻሮ ማናት?"

"ቁጥሮቹን ከፋይል የምታስገባዋ ክላስ ናታ።"

"ስሙን ከየት አመጣሽው?"

"ኤዶዬ ናት። የአባቴ እህት።"

የቀረበላትን ሁሉ እሺ ብላ ስለምትበላ ነው ቢሻሮ ያልኳት። ግራፍ የምትስለዋ ደግሞ መሪያም... እህቴ። ስትኳኳል ነው የምትውለው። ይትባረክ ሳቀ ሳቀና ኮስተር አለ።

"ስሙን ያየ ሰው ሥራውን ማወቅ አለበት። ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው ምን ሊገባው ነው? ቀይሪው።"

ሀዬ፣ እሺ አልኩት። አልቀየርኩም። አቦ! እኔ አውቃቸው የለ እንዴ?

ማታ ልወጣ ስል ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። "ይሄ ቁጥር አይደለም" ይለኛል። የዓመት ፋይል ነው፣ ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል? ቁጥር ያልሆነ ካገኘሽ ዜሮ ብለሽ እለፊ አልኳት፣ ቢሻሮን። አለፈች። እኔም ወደ ቤቴ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ምነው ባልሄድኩ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሸረፈዲን ፊት ላፕቶፔን ከፈትኩ። ግራፉ አምስት ላይ ቆንጆ ሆኖ ሄዶ ሄዶ... ዜሮ። ተነሳ። ደግሞ ዜሮ። የሰውዬው ፊት አመድ ሆነ።

"የስኳር መርፌው በርዶ ነበር ማለት ነው? በረዶ የነካውን ኢንሱሊን ለሰው ልሰጥ?"

ሙቀቱን ጠዋትና ማታ የምትመዘግበው ሐናን አለቀሰች። "ወላሂ፣ ይሄ ፍሪጅ ዜሮ ገብቶ አያውቅም!" ማን ይስማት? ኮምፒዩተር ተናግሯል። ነገ ከጁምዓ በፊት ሁሉም ይወገዳል አለ።

ሁሉም! ኤዶ ቢሻሮ እኮ መርፌዋን የምትወስደው ከእሱ ነው። እሷ የምትኖርበት መልካ ጀብዱ የሚሸጥ የለም። እዚህም ሌላ ቦታ ጠየቅኩ፣ ጨርሰናል አሉኝ። ምን ልትሆን ነው?

ከሰዓት መሪያምን ገልብጬ ገልብጬ አየኋት። ስዕሏ ልክ ነው። ይትባረክ ሊያግዘኝ ተቀመጠ። "ፋይሉን የሚያነበው የቱ ነው?" "እሱን ተወው፣ ችግሩ ግራፉ ላይ ነው" አልኩት። ስሞቹን ያያል፣ ያያል... ምንም አልገባውም። ስልኩ ጠራና ሄደ። የፍሪጁ ጥፋት ነው ብዬ ተውኩት። ሐናን ግን ዓይኔ ላይ አለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!

ጠዋት እንደ ልማዴ ለኤዶ ደወልኩ። ስለ መርፌው ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።

"ኤዶ፣ ስኳርሽ ስንት ሆነ?"

"ያው ነው።"

"ያው ስንት?"

"ኧረ አታድርቂኝ! የትናንቱ ነዋ!"

ያው... የትናንቱ... ቁጥር ያልሆነ ነገር...

ፋይሉን ከፈትኩት። አምስት። ያው። ያው። አራት። ያው። እናንተዬ! ግራፉ ላይ ያለው ዜሮ የኔው ዜሮ ነው! ያን ዕለት ለቢሻሮ የሰጠኋት! "ሙቀት አንባቢ" ብዬ ሰይሜያት ቢሆን ይትባረክ ትናንት መጀመሪያ እሷን ነበር የሚከፍታት።

ለሐናን ደወልኩ። "ያው ብለሽ ትጽፊያለሽ እንዴ?"

"ካልተለወጠ ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?"

ባጃጅ... ታይዋን... ስወርድ መልሴን እንኳ አልተቀበልኩም። ባዶ ካርቶኖች በር ላይ ተደርድረዋል። መድኃኒቱ ገና ፍሪጅ ውስጥ ነው። "እንዳትነኩት!" ብዬ ጮህኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዞረ።

ነገርኩት። ፋይሉን አሳየሁት። ሸረፈዲን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ነፍሴን ልታወጪያት ነበር እኮ!" አለና ሳቀ። ሐናን ጀርባዬን በጥፊ አለችኝና አቀፈችኝ። ጥፊው ይገባኛል።

እፎይ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ቢሻሮ ከዛሬ ጀምሮ "ሙቀት አንባቢ" ናት። "ያው" ሲመጣ ከፊቱ ያለውን ቁጥር ትወስዳለች። ሌላ የማታውቀው ነገር ከመጣ ቆማ ትጠይቃለች እንጂ ዜሮ አትልም። መሪያምም "ግራፍ ሳይ" ሆነች። ይትባረክ አየና "አሁን ገባኝ" ብሎ ሄደ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የኤዶን መርፌ ይዤ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት።

"ከኮምፒዩተሩ አባረርሽኝ በይኛ!"

"አባረርኩሽ።"

ሳቀች። እኔ ግን የዓርቡ ነገር አልወጣልኝም። ያው ማለት ከፊቱ ያለው ቁጥር ነው... የኤዶስ ከፊቱ ያለው ስንት ነበር?

"ኤዶ፣ ያው ስትዪኝ የከረምሽው... የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነበር?"

የሻሿን ጫፍ ታፍተለትላለች።

"መለኪያው ባትሪ ከጨረሰ ቆየ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።"

ልቆጣ ነበር። እኔስ ዜሮ ብዬ አላለፍኩም? ወጥቼ ከሱቅ ባትሪ ገዛሁ። ጣቷን ሰጠችኝ። ወግቼ ጠብታውን መለኪያው ላይ አደረግኩ።

መቶ ሠላሳ ሁለት።

"ጥሩ ነው?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው፣ ኤዶ።"

ከዛ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ትስቃለች። "ነገ ራሴ ደውዬ ቁጥሩን እነግርሻለሁ" አለች።